መኪና ሳይኖራችሁ ትንንሽ ልጆች ይዛችሁ ለእረፍት መውጣት፦ ከእቅድ እስከ መመለሻ (ለአዲስ አበባ ዳር ነዋሪዎች)

ሰፈሬ ቱሉ ዲምቱ ነው፣ ኮንዶሚኒየም። ትምህርት ቤት በተዘጋ ቁጥር አንድ አይነት ነገር አያለሁ። ጎረቤት ልጆቹን አልብሶ ሻንጣ እየጎተተ ጠዋት 3 ሰዓት ላይ ይወጣል፣ 8 ሰዓት ላይ ፀሐይ ያጠወለጋቸውን ልጆች ተሸክሞ ይመለሳል። ምነው ሲሉት "ባክህ መኪና አጣን" ነው መልሱ። መኪና አልጠፋም፣ ሰዓቱና ቅደም ተከተሉ ነው የተበላሸው። እኛም ሁለቴ እንደዚሁ ተመልሰናል፣ ከዛ ወዲህ ነው ነገሩ የገባን።

ከታች ያለው ከ7 ዓመት በታች ልጆች ላሏችሁና 2 ወይ 3 ሌሊት ልታድሩ ላሰባችሁ ነው። ቅደም ተከተሉን አትዝለሉት፣ በተለይ 1ኛውን።

1. ኪሎ ሜትር ተዉ፣ ቅያሬ ቁጠሩ

አብዛኛው ሰው መጀመሪያ "ሀዋሳ እንሂድ" ብሎ ወስኖ ከዛ ነው በምን እንሂድ የሚለው። ገልብጡት። ወረቀት ያዙና ከቤታችሁ በር እስከ ማደሪያው በር ስንት ጊዜ ተሽከርካሪ እንደምትቀይሩ ጻፉ። ከ3 ከበለጠ ቦታውን ቀይሩ። አንድ ቅያሬ ማለት የተኛ ልጅ መቀስቀስ፣ ሻንጣ ማውረድ፣ በዋጋ መነታረክ፣ ሌላውን ልጅ በአይን መፈለግ ማለት ነው፣ ይሄ አራቴ ከተደገመ እናንተም ልጆቹም ሳትደርሱ አልቃችኋል።

ስለዚ የምትሄዱበትን አቅጣጫ የሚወስነው የምትኖሩበት ዳር ነው፦

- ቱሉ ዲምቱ፣ ቃሊቲ፣ አቃቂ፣ ገላን፣ ኮዬ ፈጬ ያላችሁ፦ ቢሾፍቱ (ከመሀል ከተማ 45 ኪሎ ሜትር ገደማ) ወይ አዳማ (100 ገደማ)። መነሻችሁ ቃሊቲ መናኸሪያ።
- ጀሞ፣ አየር ጤና፣ ዓለምገና፣ ሰበታ፦ ወሊሶ፣ 114 ኪሎ ሜትር አካባቢ። ከአየር ጤና ትነሳላችሁ።
- አስኮና ቡራዩ፦ ለአንድ ቀን ሆለታ፣ ለማደር አምቦ። አስኮ መናኸሪያ።
- አዲሱ ገበያና ሱሉልታ፦ የደብረ ሊባኖስ መስመር፣ 100 ኪሎ ሜትር አካባቢ።
- አያት፣ ካራ፣ ለገጣፎ፦ ደብረ ብርሃን በላምበረት። ግን 2,800 ሜትር አካባቢ ከፍታ ላይ ስለሆነ ብርዱ ቀልድ አይደለም፣ ጨቅላ ካላችሁ እኔ አልመክርም።

ሀዋሳን ለመጀመሪያ ጊዜ አትሞክሩት። 275 ኪሎ ሜትር ነው፣ ግማሽ ቀናችሁ መንገድ ላይ ያልቃል። አንዴ ቢሾፍቱን በሰላም ሄዳችሁ ስትመለሱ ልጃችሁ መኪና ይችላል አይችልም የሚለውን ታውቁታላችሁ፣ ከዛ በኋላ ሀዋሳም ይደረስበታል።

አስኮ እየኖራችሁ የግድ ቢሾፍቱ ካላችሁስ? ከተማውን ከዳር እስከ ዳር መሻገሩ ብቻውን አንድ ጉዞ ነው። በዋዜማው ማታ ቃሊቲ አካባቢ አክስት ምናምን ካለች እዛ እደሩ። ከሌለች የራሳችሁን መስመር ምረጡ።

ባቡርም አለ፣ የጅቡቲው፣ ከለቡ ይነሳል፣ ቢሾፍቱና አዳማም ጣቢያ አለው። ልጆች ይወዱታል። ግን ጣቢያዎቹ ከከተማ ወጣ ያሉ ስለሆኑ ሁለቱም ጫፍ ላይ ሌላ ትራንስፖርት ትከፍላላችሁ፣ የሚነሳበትን ቀንና ሰዓትም አስቀድሞ ሄዶ ማረጋገጥ ይፈልጋል። ለለቡና ለጀሞ ሰው ያዋጣል፣ ለሌላው ቅያሬ መጨመር ነው።

2. ቀኑን ምረጡ

ቅዳሜ ሄዶ እሁድ መመለስ ሁሉም ሰው የሚያደርገው ስለሆነ እናንተ አታርጉት። እሁድ ጠዋት ውጡ፣ ማክሰኞ ተመለሱ። መናኸሪያው ይቀላል፣ ማደሪያውም ዋጋ ላይ ይደራደራል።

ከነዚህ ቀኖች ሽሹ፦

- የኢሬቻ ሰሞን ቢሾፍቱ። በመስከረም መጨረሻ ሆራ አርሰዲ ላይ ነው የሚከበረው፣ መንገድ ይዘጋል፣ አልጋ አይገኝም። ለበዓሉ ብላችሁ ካልሆነ ሌላ ሳምንት ሂዱ።
- ታህሳስ 19 እና ሐምሌ 19 ዙሪያ የአዳማ መስመር። የቁልቢ ገብርኤል ተጓዥ መኪናውን ሁሉ ይወስደዋል።
- ከጥር 10 እስከ 12፣ ጥምቀት።

ጾሙንም እዩ። ዓቢይ ጾም ላይ ከሄዳችሁ ትንንሽ ምግብ ቤቶች እንቁላልም ወተትም ላይኖራቸው ይችላል፣ ረቡዕና ዓርብም እንደዛው። ሽሮ የማይነካ የ3 ዓመት ልጅ ይዞ ይሄን ቦታው ላይ ደርሶ ማወቅ ከባድ ነው፣ ከኛ ተማሩ።

3. ብሩን በአራት ክፈሉት

መሄጃ፣ ማደሪያ፣ ምግብ፣ መመለሻ። የመመለሻውን ለብቻው ጠቅልላችሁ ሻንጣ ስር ክተቱና እንደሌለ ቁጠሩት፣ ምክንያቱም ልጅ ያለበት ቤት ሁሌ ሶስተኛው ቀን ላይ ብር ያልቅበታል። ቴሌብር አለን ብላችሁ ባዶ እጃችሁን አትውጡ፣ ኔትወርክ እምቢ ሲል የባጃጁ ልጅ አይጠብቃችሁም። ዝርዝርም ያዙ፣ ባለ 10 እና ባለ 50 በርከት ብሎ።

ለህጻን የተለየ ዋጋ አትጠብቁ። ከታቀፋችሁት ብዙ ጊዜ አይከፈልበትም፣ ወንበር ከያዘ እንደ አዋቂ ይከፈላል። ምክሬ፦ ሁለት ወላጅና ሁለት ልጅ ከሆናችሁ ሶስት ወንበር ክፈሉ። ብር ለመቆጠብ ሁለቱንም ልጅ ታቅፈን ሄደን አዳማ ስንደርስ ባለቤቴ እግሯ ደንዝዞ መውረድ አልቻለችም።

እቁብ ካላችሁ ደሞ ጉዞውን የእቁቡ ዕጣ ከደረሳችሁ በኋላ አርጉት፣ በብድር አትሂዱ።

4. ማደሪያውን በስልክ ያዙ፣ እነዚህን ጠይቁ

ፎቶ አትመኑ። ደውሉና አንድ በአንድ ጠይቁ፣ የመለሰላችሁን ሰው ስምም ጻፉ፦

- ሙቅ ውሃ አለ? ከስንት ሰዓት እስከ ስንት ሰዓት? ("አለ" ብቻ ከተባላችሁ ድጋሚ ጠይቁ)
- መብራት ሲሄድ ጄኔሬተር ክፍሉ ድረስ ይሰራል ወይስ ሪሴፕሽን ብቻ?
- ክፍሉ ስንተኛ ፎቅ ነው? በረንዳው መደገፊያ አለው? ልጅ በመሀሉ ያሾልካል?
- ውሃ ዳር ወይ ዋና ገንዳ ካለ አጥር አለው?
- ማታ ሙዚቃ አለ? ጭፈራ ቤት አጠገብ ነው?
- ተጨማሪ ፍራሽ ትሰጣላችሁ? በስንት?
- አጎበር አለ?
- ከመናኸሪያው እስከ እናንተ ባጃጅ በስንት ይወስደኛል?

የመጨረሻዋ ጥያቄ ወርቅ ናት። ዋጋውን ካወቃችሁ ስትደርሱ "ኑ ግቡ ጋሼ" ብሎ ሶስት እጥፍ የሚጠራውን ልጅ ዝም ብላችሁ ታልፉታላችሁ።

ቅድሚያ ክፍያ ከጠየቁ የአንድ ሌሊት ብቻ ላኩ። ስትደርሱ ሻንጣ ሳታራግፉ ክፍሉን እዩ፣ ቧንቧ ክፈቱ፣ ሽንት ቤት ልቀቁ። አንዴ አንድ ቦታ ላይ "ሙቅ ውሃ 24 ሰዓት" ተብለን ሶስት ቀን በማንቆርቆሪያ አጥበናቸዋል። ካልተመቻችሁ ገና ቀን እያለ ሌላ ቦታ ፈልጉ፣ ለዚህም ነው ጠዋት ውጡ የምለው።

የእናንተን መታወቂያና የልጆቹን የልደት ሰርተፊኬት ኮፒ ያዙ። አንድ ወላጅ ብቻ ከልጅ ጋር የሚጓዝ ከሆነ ሰርተፊኬቱ በተለይ ያስፈልጋል፣ ኬላ ላይ ወይ ሪሴፕሽን "ልጁ የማን ነው" የሚል አይጠፋም።

5. ሶስት ቤተሰብ ከሆናችሁ ኮንትራት ያዙ

ብሎካችሁ ውስጥ መሄድ የሚፈልግ ሌላ ቤተሰብ ካለ ሚኒባስ ኮንትራት መያዝ ለየብቻ ከመሄድ ብዙም አይወደድም፣ ቅያሬ ደሞ ዜሮ ነው፣ ከበር እስከ በር። ግን ስምምነቱ አፍ ላይ ከቀረ ጸብ ነው። ከመሄዳችሁ በፊት ወረቀት ላይ ይጻፍ፦ ነዳጅ በማን? የፈጣን መንገዱ ክፍያ በማን? ሹፌሩ ካደረ አልጋና ምግቡ በማን? እዛ ከደረሳችሁ በኋላ ያመላልሳችኋል ወይስ አድርሶ ይመለሳል? ግማሹን ስትነሱ፣ ግማሹን ቤታችሁ ስትደርሱ ክፈሉ። ሙሉውን አስቀድሞ የከፈለ ሰው ማክሰኞ ሲደውል ስልኩ "ጥሪ አይቀበልም"።

ደሞ ሹፌሩ መንገድ ላይ "አንድ ሰው ልጫን" እንዳይል አስቀድማችሁ ንገሩት።

6. ሻንጣ

አንድ ሻንጣ፣ አንድ የጀርባ ቦርሳ፣ በቃ። እጃችሁ ባዶ መሆን አለበት፣ ልጅ የሚያዘው በእጅ ነው። የልጅ ጋሪ እርሱት፣ መናኸሪያ ውስጥ ጎማው ጠጠር ላይ አይሄድም፣ ታጥፎ ደሞ ፖርቶመጋላ ላይ ይወጣና ለብቻው ይከፈልበታል። አንቀልባ ያዙ።

ሻንጣው ጣራ ላይ ሊወጣ ስለሚችል መንገድ ላይ የሚያስፈልገው ሁሉ ጀርባ ቦርሳው ውስጥ ይሁን፦

- ለእያንዳንዱ ልጅ አንድ ሙሉ ቅያሪ ልብስ፣ ለእናንተም አንድ ቲሸርት (የሚያስመልሰው እናንተ ላይ ነው)
- ቀዳዳ የሌለው ላስቲክ፣ ከ5 ያላነሰ፣ ውሃ ሞልታችሁ ፈትኑት
- ፖፖ፣ ክዳን ያለው። ይሄን አትናቁት፣ ከታች ትረዱታላችሁ
- ሶፍት፣ ዳይፐር፣ እርጥብ ፎጣ በላስቲክ
- ኦአርኤስ (ለተቅማጥ በውሃ የሚበጠበጠው) 3 ፓኬት፣ ቴርሞሜትር፣ የልጁ የትኩሳት ሽሮፕ
- ውሃ፣ ሙዝ፣ ዳቦ፣ የተቀቀለ ድንች። ጭኮ (በቅቤ የታሸ የገብስ ዱቄት) ከቻላችሁ አዘጋጁ፣ ቶሎ አይበላሽም፣ ያጠግባል። ቆሎና ኦቾሎኒ ለትንንሾቹ አትስጡ፣ መኪና ሲነጥር ይታነቃሉ
- ነጠላ ወይ ቀጭን ጋቢ። ብርድ ልብስ ነው፣ ጥላ ነው፣ መጋረጃ ነው

ስልክ ቁጥራችሁን በእስክሪብቶ ልጁ ክንድ ላይ ጻፉት፣ እጅጌው ስር። 4 ዓመት ከሆነው ቁጥሩን በቃል አስጠኑት፣ እኛ ልጅ በዜማ ነው የያዘችው።

7. የሚነሱበት ጠዋት

ከቤት የምትወጡት 12 ሰዓት ላይ ነው። አዎ፣ ጠዋት 12። ልጆቹን ማታ የመንገድ ልብሳቸውን አልብሳችሁ አስተኟቸውና ጠዋት ጫማ ብቻ አድርጉላቸው። ሰው ሁሉ የሚሸነፈው እዚህ ጋ ነው፣ "ቁርስ ይብሉ፣ ፀጉሯን ልስራላት" ሲባል 2 ሰዓት ይሆናል፣ ከዛ ሰልፉ አስፋልት ይወጣል።

ቁርስ ትንሽ ደረቅ ነገር፣ ዳቦና ሻይ። ወተት አትስጡ፣ ቅባት የበዛበት ፍርፍርም አይሆንም፣ ሁለቱም ተመልሰው ይመጣሉ።

ትልቅ አውቶብስ ትኬት ከቆረጣችሁ "11 ሰዓት" ሲሏችሁ የሌሊቱ ነው ወይስ የቀኑ ብላችሁ አረጋግጡ። የምሬን ነው፣ እኔ ራሴ ከቀኑ 11 መስሎኝ አምልጦኛል።

8. መናኸሪያ ውስጥ

አንዳችሁ ብቻ መኪና ፈልጉ፣ ሌላችሁ ከልጆቹና ከሻንጣው ጋር ግድግዳ ተደግፋችሁ ቁሙ። ሁሉም አንድ ላይ ሲራወጥ ነው ልጅ የሚጠፋው።

መኪናውን ከመግባታችሁ በፊት ረዳቱን ሁለት ነገር ጠይቁ። አንደኛ፣ ስንት ሰው ቀረው? ግማሽ ባዶ መኪና ውስጥ ልጅ ይዞ 40 ደቂቃ መቀመጥ ማለት ጉዞው ሳይጀመር ማልቀስ ነው፣ 3 ወይ 4 ሰው የቀረው ውስጥ ግቡ፣ የምትፈልጉት ወንበር ከሌለ ቀጣዩን ተራ ጠብቁ። ሁለተኛ፣ አዳማ ከሆናችሁ፦ በፈጣን መንገድ ነው ወይስ በአሮጌው? ከቱሉ ዲምቱ የሚነሳው ፈጣን መንገድ ቶሎ ያደርሳል፣ ግን መሀል ላይ "ወራጅ" የለም፣ ሽንት ብሎ ማስቆምም የለም። አሮጌው በዱከም በቢሾፍቱ አድርጎ ይዘገያል፣ ግን ይቆማል። ገና ዳይፐር ያወለቀ ልጅ ካላችሁ አሮጌው ይሻላል። ፖፖ ያልኳችሁም ለዚህ ነው።

የት ትቀመጡ?

- ጋቢና በፍጹም። ልጅ ታቅፋችሁ ፊት ከተቀመጣችሁ አደጋ ሲመጣ መጀመሪያ የሚጎዳው ልጁ ነው።
- በሩ ጋ ያለው ታጣፊ ወንበርም አይሆንም፣ ሰው በወረደ ቁጥር ትነሳላችሁ።
- የመጨረሻው ረድፍ ያነጥራል፣ ያስመልሳል።
- ከሹፌሩ ጀርባ ያለው ረድፍ፣ መስኮት ጋ። የሚያስመልሰውን ልጅ መስኮቱ ጋ አስቀምጡ።

ስለ መስኮቱ አንድ ነገር። ሰዉ መስኮት ሲከፈት አይወድም፣ "ንፋስ ይመታናል" ይላሉ፣ ልጃችሁ አረንጓዴ እየሆነ እንኳ ከኋላ አንድ እማማ "ዝጋው የኔ ልጅ" ማለታቸው አይቀርም። ከመነሳታችሁ በፊት ዞር ብላችሁ "እናቴ፣ ልጁ ያስመልሰዋል፣ ትንሽ ልከፍት ነው" በሉ። አስቀድሞ የተነገራቸው ሰው አይቆጡም፣ እንደውም ሎሚ አውጥተው ይሰጧችኋል።

መኪና ከጠፋስ? እስከ 3 ሰዓት ጠብቁ። ከዛ በኋላ ትርፍ ሆናችሁ ተጨናንቃችሁ አትግቡ፣ ከመናኸሪያ ውጪ "ኑ በዚህ" የሚለውን መኪናም ተዉት። ወደ ቤት ተመለሱ፣ ማደሪያው ጋ ደውላችሁ ለነገ አዛውሩት፣ ቀኑን ሰፈር አሳልፉት። ያስቆጣል፣ ግን ከማታ ጉዞ ይሻላል።

9. መንገድ ላይ ነገር ሲበላሽ

ማስመለስ፦ ምልክቱ ማዛጋት፣ ምራቅ መብዛት፣ ዝም ማለት ነው። ያን ጊዜ ስልክ ካየ ቀሙት፣ ሩቅ እንዲያይ አርጉት፣ መስኮት ክፈቱ፣ ላስቲኩን አገጩ ስር ያዙ። ካስመለሰ በኋላ ቶሎ ብዙ ውሃ አታጠጡት፣ ትንሽ ትንሽ በማንኪያ። ማስመለስ የሚያስታግስ መድኃኒት ከፋርማሲ ሳትጠይቁ ለልጅ አትስጡ፣ ከ2 ዓመት በታች ለሆነ ደሞ ጭራሽ።

ተቅማጥ ከጀመረው፦ አንድ ፓኬት ኦአርኤስ በአንድ ሊትር ንጹህ ውሃ፣ በትክክል አንድ ሊትር፣ በአይን ግምት አይደለም። 24 ሰዓት ካለፈው ድፉት። ጡት የሚጠባ ጡቱን ይቀጥል። አይኑ ከጎደጎደ፣ ሽንቱ ከቀነሰ ወይ መጠጣት እምቢ ካለ በቅርብ ወዳለ ጤና ጣቢያ ሂዱ፣ እረፍቱ ይቅር። ለድንገተኛ የቀይ መስቀል አምቡላንስ 907 ነው።

መኪናው ከተበላሸ፦ ልጆቹን ከመንገዱ አርቁ፣ ከመኪናው ኋላ አትቁሙ። ረዳቱ ሌላ መኪና ላይ ሲያዛውራችሁ ሂሳቡን እሱ እንዲከፍል ከመሳፈራችሁ በፊት አስማሙ፣ ከተሳፈራችሁ በኋላ ማንም አይሰማችሁም።

10. ከደረሳችሁ በኋላ

የመጀመሪያው ቀን ምንም ፕሮግራም አይኑረው። ይብሉ፣ ይተኙ፣ ግቢ ውስጥ ይሩጡ። ልጅ ለሐይቅ እይታ ግድ የለውም፣ ሳርና ጭቃ ካገኘ ይበቃዋል፣ ለቡና ያላችሁን ብር ለጀልባ አታቃጥሉ።

የቢሾፍቱን ሐይቆች ተጠንቀቁ። ሆራ፣ ባቦጋያና ቢሾፍቱ ሐይቅ እሳተ ገሞራ የፈጠራቸው ናቸው፣ ዳሩ ቀስ እያለ አይደለም የሚጠልቀው፣ ጥቂት እርምጃ ገብታችሁ መሬት የለም። ልጅ እግሩን ለማርጠብም ቢሆን እጁ እጃችሁ ውስጥ ይሁን። ዋና የፈለገ ገንዳ ይሂድ፣ አንድ አዋቂ ስልኩን አስቀምጦ ገንዳውን ብቻ ይይ፣ በየ20 ደቂቃው ተቀያየሩ። "ሁላችንም እያየነው ነው" ማለት ማንም አያየውም ማለት ነው። ባቱ (ዝዋይ) ወይ ሀዋሳ የሄደ ደሞ ሐይቁ ውስጥ ልጅ አያስገባ፣ ቢልሃርዝያ (ከውሃ የሚይዝ የትል በሽታ) አለ፣ ጉማሬም አለ።

ወደ ማታ 12 ሰዓት ላይ ረጅም እጅጌና ካልሲ አልብሷቸው፣ ሲተኙ አጎበር። አዲስ አበባ ስለኖርን ወባን እንረሳታለን፣ ግን ቢሾፍቱ 1,900 ሜትር አካባቢ ነው፣ አዳማ ከዛም ይወርዳል፣ ወባ ደሞ ከ2,000 ሜትር በታች ቤቷ ነው። ከተመለሳችሁ በኋላ ባሉት ሳምንታት ልጁ ካተኮሰው ሐኪሙ ሳይጠይቃችሁ "ወባ ያለበት አካባቢ ሄደን ነበር" በሉት፣ ምርመራውን ይቀይረዋል።

11. መመለሻ

ከመመለሻው ቀን በፊት ማታ የአካባቢውን ሰው፣ ሪሴፕሽኑን ወይ የባጃጁን ልጅ፣ መንገዱ ሰላም መሆኑንና መኪና ስንት ሰዓት እንደሚበዛ ጠይቁ። ከ5 ሰዓት በፊት ውጡ። ከ9 ሰዓት በኋላ ከሆነ ግን ማደር ይሻላል፣ ለዚህ ነው የመመለሻው ብር ላይ የአንድ ሌሊት አልጋ የሚሆን የምትጨምሩበት። ሲመሽ ልጅ ይዞ መንገድ ላይ መሆን የለም።

የኮንዶሚኒየም ሰዎች፣ አንድ የመጨረሻ ነገር። ከመውጣታችሁ በፊት ውሃ የሚመጣበትን ተራ ቁጠሩ፣ ጀሪካኖቹን ሞልታችሁ ሂዱ፣ ዋናውን ቧንቧ መዝጋታችሁን አረጋግጡ፣ ቁልፍ አንድ ጎረቤት ጋ ይሁን። እኛ መጀመሪያ የሄድን ጊዜ ስንመለስ ጭቃ የለበሱ ሁለት ልጆች ይዘን አራተኛ ፎቅ ስንወጣ ጀሪካኑ ባዶ፣ ውሃው ደሞ ተራው ሐሙስ ነበር፣ እኛ የደረስነው ማክሰኞ።